መሪው 70 ላይ ሊያመልጠኝ ነው፤ የመሪ ሾክ አብዞርበር ቀይሬም ተመለሰ

አቧራ ጠጪው

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ላንድክሩዘር 80 ነው። ፊትም ኋላም ሞላ ነው ያለው። ባለፈው ዓመት 5 ሴንቲ ከፍ አስደረግኩት፣ ጎማውንም 285/75 ባለ 16 አደረግኩት። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ምንም አልነበረም።

አሁን ግን ጉድ ነው። ለስላሳ አስፋልት ላይ ሰላም ነው። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር አካባቢ እየሄድኩ በግራ ጎማ ትንሽ ጉድጓድ ወይም የድልድይ መገጣጠሚያ ከመታሁ ይነሳበታል። መንቀጥቀጥ ብቻ ብዬ ባልፈው ውሸት ይሆንብኛል። መሪው ግራ ቀኝ እጄን ይገርፈኛል፣ ዳሽቦርዱ ይንጫጫል፣ ባለፈው የውሃ ጠርሙሱ ከማስቀመጫው ዘሎ ፔዳሉ ስር ገባ። ነዳጅ ብለቅም አይተወኝም። 40 ገደማ ስደርስ ባንዴ ጸጥ ይላል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ ከስር እንኳ ሳያይ “የመሪው ሾክ አብዞርበር ነው” አለኝ። ተቀየረ። ሁለት ሳምንት እንደ አዲስ ሆነ፣ በሦስተኛው ተመለሰ። አሁን ደግሞ “ቴስቲናዎቹን (የመሪ ዘንጎቹ ጫፍ ላይ ያሉትን መጋጠሚያዎች) ሁሉ እንቀይር” ይለኛል። ኪሴ ሳይራቆት ራሴ ምን ልፈትሽ? ፍሬን ስይዝ አይደለም የሚመጣው፣ እሱን አረጋግጫለሁ።

ጎሚስታው

መጀመሪያ ባላንስ። ትልቅ ጎማ ከገባ በኋላ ከመጣ 90 በመቶ ባላንስ ነው። ቸርኬው ውስጥ ጭቃ ደርቆ እንዳይሆንም እይ።

ጋሽ ግራሶ

ጎሚስታው ወንድሜ፣ ጭቃውን ማየቱ ጥሩ ነው፣ እሱ ነጻ ነው። ግን ልጁ የጻፈውን እንደገና አንብበው። ባላንስ ጉድጓድ አይጠብቅም።

ነገሩን እንለያየው። የእሱ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 2.6 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ80 ፍጥነት በሰከንድ ከስምንት ጊዜ በላይ ይዞራል ማለት ነው። ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ካደላ በየዙሩ አንዴ ይመታል። ስለዚህ በለስላሳ መንገድም ይመጣል፣ የሆነ ፍጥነት ላይ ይብሳል፣ ሲያልፉት ይቀንሳል። የፍሬን ዲስኮ ከተጣመመ ፍሬን ስትይዝ ብቻ ነው። ካርዳኑ (ኃይል ወደ አክስሉ የሚወስደው ዘንግ) ከሆነ ደግሞ ከመሪው ይልቅ መቀመጫህና የእግርህ ስር ይነግሩሃል።

ያንተ ሌላ ነው። አንድ ምት ይቀሰቅሰዋል፣ ከዚያ ራሱን በራሱ እየመገበ ይቀጥላል፣ ፍጥነቱ እስኪወርድ አይለቅህም። ጂፕ የሚነዱት “ዴዝ ዎብል” (የሞት ውዝዋዜ) ይሉታል። ስሙ ያስፈራል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ አንድ ነው። የሆነ ቦታ የላላ ነገር አለ።

የመሪው ሾክ አብዞርበር ለምን ሁለት ሳምንት እንደሠራልህ ልንገርህ። እሱ የላላውን አላጠበቀም። በእጁ አፍኖ ያዘው። አዲስ ስለነበር ቻለ፣ ልቅነቱ ሲጨምር ግን አቃተው። ስለዚህ እሱን ከመቀየር በፊት ፈትቶ መንዳት ይሻል ነበር እላለሁ፣ ቀስ ብሎ፣ ባዶ መንገድ ላይ። ጤነኛ መኪና ያለ እሱም ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

አሁን ቴስቲና አትግዛ። ይህን አድርግ። መኪናውን ክሪክ ላይ አታንሳው፣ ጎማዎቹ መሬት እንደረገጡ ይቆዩ። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ አድርግ፣ ሞተሩን አስነሳ። አንድ ሰው መሪው ላይ ይቀመጥና ግራ ቀኝ ቶሎ ቶሎ ይነቅንቀው። ብዙ አይዙር፣ ጎማው ሊዞር ሲል ይመልሰው። አንተ ከስር ተኝተህ እይ።

ከመሪው ሳጥን ጀምረህ ወደ ጎማው ሂድ። መጀመሪያ ሳጥኑ ሻንሲው ላይ ይነቃነቃል ወይ? ቀጥሎ ፒትማን አርሙ (ከሳጥኑ የሚወጣው ክንድ)፣ ከዚያ አግድም ዘንጎቹና ቴስቲናዎቹ አንድ በአንድ። ዘንጉ በራሱ ዙሪያ ትንሽ ቢሽከረከር አይድነቅህ፣ ቴስቲና ሲሠራ እንዲህ ነው። የምትፈልገው አንዱ ሲንቀሳቀስ ጎረቤቱ ዘግይቶ ሲከተል ነው። ዓይን ይሸወዳል። ጣትህን ግማሹን አንዱ ላይ፣ ግማሹን ጎረቤቱ ላይ አድርገህ ያዝ። ጣት አይሸወድም።

ፓናርድ ባሩን ግን በደንብ እይልኝ። አክስሉን ወደ ጎን እንዳይሸሽ ከሻንሲው ጋር አግድም የሚይዘው ወፍራም ዘንግ ነው። ሰው ሁሉ ቴስቲና ቴስቲና ይላል እንጂ በእንዲህ ያለ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ ያገኘሁት እዚያ ነው። ወይ ቦኮላው (ጫፉ ላይ ያለው ባለ ጎሚኒ ቱቦ) አልቋል፣ ወይ ብሎኑ ላልቷል።

አቧራ ጠጪው

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ የአክስቴን ልጅ መሪው ላይ አስቀምጬ እሞክረዋለሁ። ኩሽኔታዎቹንስ እንዴት ነው የማየው? ጎማውን ይዤ ስነቀንቀው ትንሽ የሚላወስ ይመስለኛል፣ ግን ከየት እንደሆነ አልለየሁም።

ጋሽ ግራሶ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ለዚያኛው ክሪክ ያስፈልግሃል። ክሪኩን ብቻ አምነህ ከስር እንዳትገባ፣ አክስሉ ስር መደገፊያ አስገባ።

ጎማውን ላይና ታች ይዘህ ግፋ ሳብ አድርግ። ከተላወሰ ወይ የጎማው ኩሽኔታ ነው ወይ የፔርኖው (መሪ ስታዞር ጎማው የሚዞርበት ምሶሶ)። ለመለየት ሰው ፍሬኑን ረግጦ ይያዝልህና እንደገና ነቅንቅ። ፍሬኑ ዲስኮውንና ካሊፐሩን አንድ ላይ ስለሚቆልፍ የጎማው ኩሽኔታ ልቅነት ይጠፋል። ፍሬን ተይዞም ከተላወሰ ፔርኖው ነው። ግራና ቀኝ ይዘህ ስትነቀንቅ ብቻ ከሆነ ደግሞ ወደ ቴስቲናና ዘንጎቹ ሂድ።

የላንድክሩዘር 80 ፔርኖ ላይና ታች ሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታ አለው። መኪና ዕድሜውን በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ሮለሮቹ አንድ ቦታ ተቀምጠው ቤቱን (የሚንከባለሉበትን ቀለበት) ያጎደጉዱታል። ቴስቲናውን ፈትተህ ጎማውን በእጅህ ብታዞረው መሃል ላይ ጠቅ ብሎ ይቀመጣል፣ እንደ ማርሽ። እንዲህ የሚያደርግ ፔርኖ ባይላወስም መቀየር አለበት። ከኋላው ያለውን ክብ ኳስም እይ። ጥቁር ቀጭን ዘይት ከለበሰ የውስጡ ጎሚኒ አልቆ የዲፈረንሻል ዘይት ግራሶውን እያጠበው ነው።

ሰባት ሚሊ

የመሪውን ሳጥን ላይ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን ሩብ ዙር ጠበቅ አድርጋት በቃ። የእኔ በዚህ ነው የዳነው።

ጋሽ ግራሶ

ኧረ ተው! ይህን ምክር ያመጣው ሰው ብዙ መሪ ሳጥን ገድሏል። ያቺ ብሎን መሃል ላይ ያለውን ክፍተት ነው የምታስተካክለው። ካጠበቅካት መሪው ከጥምዝ በኋላ ራሱ አይመለስም፣ ማርሾቹም እርስ በርስ ይበላላሉ። ያንተ የዳነ የመሰለህ መሪው ስለከበደ ነው፣ የመሪው ሾክ አብዞርበር እንደሚያፍነው አፍነኸዋል። የላላው ነገር አሁንም እዚያው አለ።

ሰባት ሚሊ

እሺ ጋሼ፣ አይቆጡ 😅 እኔም ቅዳሜ ከስር እገባለሁ ማለት ነው።

የፊዚክስ ልጅ

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ነገር ለምን ወጥ አክስል ባላቸው መኪኖች ላይ እንደሚበዛ (ላንድክሩዘር 80፣ የድሮው ፓትሮል፣ ራንግለር፣ የድሮው ዲፌንደር፣ ጂምኒ) የሚገርመው ሰው ካለ።

የብስክሌት ጎማ ፍቱና መሃሉን በሁለት እጅ ይዛችሁ አሽከርክሩት። ከዚያ አንዱን ጎን ዝቅ አድርጉ። ጎማው የጠየቃችሁትን አያደርግም፣ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መዞር ይጀምራል። የሚሽከረከር ነገር ሁሉ ይህ ባሕርይ አለው። አሁን ወደ መኪናው እንመለስ። ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአንድ ወጥ አክስል ላይ ናቸው። ግራው ጉድጓድ ሲገባ ቀኙም አብሮ ያጋድላል። ሲያጋድሉ ይዞራሉ። ሲዞሩ መሬቱን በጎን ይገፉታል፣ አክስሉም በተራው ወደ ጎን ይገፋል። ጎማው ላስቲክ ስለሆነ ይመልሰዋል፣ ሲመልሰው ያሳልፈዋል፣ እንደገና ይመለሳል። ኃይሉ የሚመጣው ከመኪናው ጉዞ ነው። ለዚህ ነው ፍጥነት ሲቀንስ የሚራበውና የሚሞተው።

ሁሉም ነገር ጠበቅ ካለ ውዝዋዜው በአንድ ሁለት ምልልስ ይከስማል። የሆነ ቦታ ሁለት ሚሊ ከላላ ግን ያቺ ሁለት ሚሊ ነጻ መጫወቻ ትሆናለች።

አዲስ ችግርም አይደለም። በአውሮፓውያን 1920ዎቹ የቤት መኪናዎች ሁሉ ማለት ይቻላል የፊታቸው ወጥ አክስል ነበር፣ መሐንዲሶችንም በዚሁ ውዝዋዜ አቃጥሏቸዋል። ጄኔራል ሞተርስ በ1934 ሞዴሎቹ ላይ ለየብቻ የሚንቀሳቀስ የፊት ጎማ ሲያመጣ፣ ከምቾት በተጨማሪ ከዚህ መገላገልም አንዱ ምክንያት ነበር። እኛ ግን ድንጋይ ስለምንወጣ ወጡን አክስል አንተውም። ዋጋውን እንከፍላለን።

ባለ ባሌስትራዋ

ሲጀምር ምን ማድረግ እንዳለበት ማንም አልነገረውም እኮ! አቧራ ጠጪው፣ እስክትጠግነው ድረስ መሪውን በሁለት እጅ አጥብቀህ ያዝ፣ አውራ ጣቶችህን ከውስጥ አውጣ። እግርህን ከነዳጅ ላይ አንሳ። ወደ ጎን አትጠምዝዝ። ፍሬን ካስፈለገህ ለስለስ አድርገህ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ደንግጬ ፍሬኑ ላይ ቆምኩበትና ጭራሽ ባሰበት።

አቧራ ጠጪው

ተመለስኩ፣ ጉድ ይዤ ነው የመጣሁት።

ካርቶን አንጥፌ ከስር ገባሁ፣ የአክስቴ ልጅ መሪውን ነቀነቀ። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ቴስቲናዎቹ አራቱም ደህና ናቸው፣ አንድም የዘገየ የለም። (መካኒኬ አራቱንም ሊቀይርልኝ ነበር!) ከዚያ ጋሼ እንዳሉት ጣቴን ፓናርድ ባሩና አክስሉ ላይ ያለው ጆሮ መሃል አሳረፍኩ። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ። መሪው በተነቀነቀ ቁጥር ጣቴን ይቆነጥጠኛል። የስልኬን መብራት አስጠግቼ ሳይ የብሎኑ ጭንቅላት ዙሪያ ቀለሙ ተፍቆ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ሆኗል። ከሥሩ ቀይ የዝገት ዱቄት አለ። ዳዶውን በቁልፍ ስሞክረው ሩብ ዙር ሄደልኝ።

አጠበቅኩት። እየዘፈንኩ ወጣሁ። ሦስት ቀን ነዳሁት፣ ሰላም። በአራተኛው ቀን ያው ድልድይ ላይ መጣ፣ ግን ከበፊቱ ያነሰ።

ፔርኖውንም አየሁት። የቀኙ ደህና ነው። የግራው ፍሬን ተይዞም ይላወሳል፣ ኳሱም ጥቁር ዘይት ለብሷል።

ጋሽ ግራሶ

ጎበዝ። አሁን ብሎኑን አውጣውና ቀዳዳውን አሳየን። ሲላላ ብዙ ቆይቷል፣ ቀዳዳው ክብ ሆኖ አይቀርም።

አቧራ ጠጪው

ወጥቷል። ቀዳዳው ሞላላ ሆኗል፣ ወደ ጎን በዓይን ይታያል። ብሎኑም ወገቡ ላይ ተበልቷል። ቦኮላው ደግሞ የብረቱ ቱቦ ከጎሚኒው ተላቋል፣ በእጄ ይሽከረከራል።

ጋሽ ግራሶ

በቃ፣ ይኸው ነው። ሞላላ ቀዳዳ ላይ ብሎን ብታጠብቅ ለሦስት ቀን ነው የሚይዝልህ፣ እንዳየኸው።

ወፍራም የብረት ሮንዴላ አስቆርጥ፣ ቀዳዳው በብሎኑ ልክ ይሁን፣ ልል አይሁን። አክስሉ ላይ ባሉት ሁለቱም ጆሮዎች ላይ በትክክለኛው ቦታ ይበየድ። በያጁ በዓይኑ ገምቶ እንዳያስቀምጠው፤ ብሎኑን አስገብቶ ሁለቱን አስተካክሎ ነጥብ ነጥብ ያድርገው፣ ከዚያ ይጨርስ። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል። ብሎኑም ዳዶውም አዲስ፣ ቦኮላዎቹ ሁለቱም አዲስ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት። ብሎኑን መጨረሻ የምታጠብቀው መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱ ሲያርፍበት ነው። አንጠልጥለህ ካጠበቅከው ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ሲወርድ ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ነው የሚኖረው፣ ቶሎ ይቀደዳል። ልኩን ከመኪናው መጽሐፍ አይተህ በቶርክ ቁልፍ አጥብቀው። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ድገመው።

የግራውን ፔርኖ ኩሽኔታ ከነቤቱ ቀይር። የቀኙንም አብረህ ብታደርገው ደስ ይለኛል። ከፔርኖው ላይና ታች ያሉትን ስስ ሮንዴላዎች አታደባልቃቸው፣ ጥብቀቱን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ከገጠምክ በኋላ በሞላ ሚዛን ስቦ መለካት ነው። “በእጄ ይሰማኛል” የሚል መካኒክ ካጋጠመህ ሚዛኑን አንተ ይዘህለት ሂድ።

ሰባት ሚሊ

የእኔም ፓናርድ ላልቶ ተገኘ። ዝም ብዬ ልለፈው ብዬ ነበር፣ ግን ጋሼን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ።

አቧራ ጠጪው

ሁሉም ተሠርቷል። ያን ድልድይ 70 ላይ፣ 80 ላይ፣ አንዴ ደግሞ ልክ ግራ ጎማውን አነጣጥሬ መታሁት። አንድ ጊዜ ነቅነቅ ብሎ ተወኝ። የመሪውን ሾክ አብዞርበር ፈትቼም ሞከርኩ፣ ያው ነው። ማመን አቅቶኛል።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ መኪናው መንገዱ ላይ ይቅበዘበዛል፣ መሪውን ከጥምዝ በኋላ ስለቀው ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው። ሁለተኛ፣ 95 ላይ ለስላሳ አስፋልት ላይ ትንሽ ንዝረት አለ፣ 110 ላይ ይጠፋል። አላይመንት አስደርጌ ወረቀቱን ሰጥተውኛል። ካስተር የሚለው ላይ ግራ 0.9፣ ቀኝ 1.2 ይላል። ሠራተኛው “ይህ አይስተካከልም” ብሎ አለፈው።

ጎሚስታው

95 ላይ መጥቶ 110 ላይ የሚጠፋው ባላንስ ነው። አሁንስ ልናገር? 😀

ጋሽ ግራሶ

ተናገር፣ አሁን ተራህ ነው። የፊቶቹን ወደ ኋላ አዙራቸው። ንዝረቱ ከመሪው ወደ መቀመጫው ከሄደ ጎማው ነው። ባላንስ ተደርጎም ካልጠፋ ጎማውን አንስተህ አሽከርክረውና ቋሚ ነገር አጠገቡ አድርገህ ላይ ታች ይዘል እንደሆነ እይ። ክብ ያልሆነ ጎማ የባላንስ እርሳስ ቢለጥፉበት አይድንም።

ካስተሩ ነው ዋናው። ፔርኖው ከላይ ወደ ኋላ የሚያጋድልበት ዲግሪ ነው፣ መሪውን ወደ መሃል የሚመልሰውም እሱ ነው። የጋሪ ጎማ ከተንጠለጠለበት ኋላ እንደሚጎተተው አድርገህ አስበው። የ80 ከፋብሪካ ሲወጣ 3 ዲግሪ ገደማ ነው። 5 ሴንቲ ስታነሳው አክስሉን የሚይዙት አርሞች ቁልቁል ስለሚያዩ አክስሉ ወደ ፊት ይሽከረከራል፣ ሁለት ዲግሪ ያህል ትከስራለህ። ወረቀትህ የሚለውም ይህንኑ ነው።

ሠራተኛው ግማሽ እውነቱን ነው። ወጥ አክስል ላይ የምታዞረው ማስተካከያ የለም። ግን ቀዳዳቸው ከመሃል የራቀ የካስተር ማረሚያ ቦኮላዎች አሉ፣ የፊት አርሞቹ አክስሉን በሚይዙበት ላይ ይገባሉ። ከፍ ላደረገ ሰው ይህ ከሞላው ጋር አብሮ የሚገዛ ነው፣ የሸጠልህ ሰው ሊነግርህ ይገባ ነበር። አቅጣጫቸውን ገልብጠው እንዳያስገቡት፣ ጭራሽ ይብሳል። ሲገጠም ቀስቱን ራስህ እይ።

የጎማህን አየርም ለካ። በአሸዋ ቀንሰህ ሳትመልስ የምትነዳ ከሆነ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን አስፈለገ?

አቧራ ጠጪው

አየሩ... 24 ሆኖ ተገኘ። ምንም አልልም።

ባለ ባሌስትራዋ

ጋሼ፣ የእኔ የድሮው ላንድክሩዘር 70 ነው፣ ፊቱም ባሌስትራ (ድርብርብ የብረት ቅጠል)። ፓናርድ የለውም። ግን ያንኑ ዓይነት መንቀጥቀጥ 60 ላይ ጀምሮኛል። ቴስቲና ደህና፣ ፔርኖ ባለፈው ዓመት ተቀይሯል። የት ልይ?

ጋሽ ግራሶ

ያንቺ ላይ አክስሉን ወደ ጎን የሚይዘው ራሱ ባሌስትራው ነው። ስለዚህ የሻክሉን (ባሌስትራውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘውን) ፒኖችና ቦኮላዎች እዪ። ያንኑ መሪ የመነቅነቅ ፈተና አድርጊ፣ ግን ዓይንሽ ሻንሲውና ባሌስትራው መሃል ይሁን፤ ሻክሉ ወደ ጎን ካጋደለ አልቋል። ከዚያ ባሌስትራውን አክስሉ ላይ የሚያስረውን ዩ ቦልት በቁልፍ ሞክሪው። ባሌስትራ ከተቀየረ በኋላ ዳዶው ካልተደገመ ይላላል።

ባለ ባሌስትራዋ

የግራው ዩ ቦልት አንድ ዙር ተኩል ሄደልኝ። ቅጠሎቹ መሃልም አዲስ የተፋቀ ብረት ይታያል። ቅጠሎቹን መሃል ላይ የሚይዘው ሴንተር ቦልት ሳይቆረጥ አልቀረም፣ ነገ ፈትቼ አየዋለሁ።

ጋሽ ግራሶ

ከመፍታትሽ በፊት ቅጠሎቹን ከሴንተር ቦልቱ ግራና ቀኝ በሞርሳ እሰሪያቸው። ይፈናጠራሉ። ፊትሽን ከላዩ አታድርጊ።